ያላስተማርኩትን ጠየቅሁ



ዛሬ የማካፍላችሁ ነገር ለአንዳንዶቻችሁ ቀልድ ሊመስል ይችላል። እኔ ሐርቡ ውስጥ ልጆችን ቁርኣን፣ ነሕውና መጠነኛ ፊቅህ በማስተማር ሃያ ዓመት ያለፈኝ ሰው ነኝ። ያደግሁት በመድረሳ ነው፤ ዘመናዊ ትምህርቴም 12ኛ ክፍል ላይ ቆሟል። እንዲህ ያለ ሰው በ45 ዓመቱ አንድ አሮጌ ኮምፒዩተር ፊት ቁጭ ብሎ እንደ አሊፍ ባ ጀማሪ ፊደል ሲፈልግ ከረመ ቢባል ማን ያምናል? ይሁን እንጂ ሆነ። የተማርኩትም ስለ ኮምፒዩተር ብቻ አልነበረም። ስለ ራሴ የማላውቀውን፣ ምናልባትም ለማወቅ የማልፈልገውን ነገር ጭምር ነው።

ዕቃው ቤታችን የገባው በ1986 ዓ.ም. ነው። አጎቴ ጅዳ ውስጥ በሾፌርነት ያገለግል ነበር፤ የአሠሪው ልጆች አድገው የተዉትን በጥቂት ሪያል ገዝቶ መጣ። ያን ጊዜ ከዐረብ አገር የሚመለስ ሰው ብርድ ልብስ፣ ቴርሙስና ቴፕ ይዞ ይመጣል እንጂ እንዲህ ያለ ነገር ይዞ ሲመጣ አይተን አናውቅም። ከጽሕፈት መኪና ሳሳ ያለ፣ የፊደል ቁልፎች የተደረደሩበት፣ የራሱ መስኮት የሌለውና ከቴሌቪዥን ጋር ካልተገናኘ ምንም የማያሳይ ዕቃ ነው። አጎቴ አንድ ቀን ጎረቤት ቤት ወስዶ ከቴሌቪዥናቸው ጋር አገናኘውና «ኦኬ» የሚል ቃል አሳየን። ቃሉን አይተን፣ ተደንቀን ተበተንን። ከዚያ ወዲህ በጨርቅ ተጠቅልሎ ቁምሳጥን ላይ ሠላሳ ዓመት ያህል ተቀመጠ።

በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን አልፎ ወደ እኛ ሲመጣ ቤታችንን ዘግተን ወጣን። ስንመለስ ቴሌቪዥኑም ፍራሹም የእህሉ ጆንያም የለም። ያ ዕቃ ግን እንደተጠቀለለ ወለል ላይ ወድቆ አገኘነው። የወሰዱት ሰዎች ምንነቱን ስላላወቁ ትተውት ኖሯል። እናቴ «አለመታወቅም ለካ ያተርፋል» አለች፤ በዚያ በኀዘናችን መካከል ሳቅን።

የኮምፒዩተሩ ስም «ሰኽር» ይባላል፤ በዐረብኛ አለት ማለት ነው። ይህን ስም የሰጡት ሙሐመድ አሽ-ሻሪኽ የተባሉ ኩዌታዊ ናቸው። እሳቸው በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ባቋቋሙት ድርጅት አማካይነት ኮምፒዩተር ዐረብኛ እንዲያነብና እንዲጽፍ ለማድረግ ደክመዋል፤ ከመጀመሪያዎቹ የቁርኣን የኮምፒዩተር ፕሮግራሞች አንዱንም ያዘጋጀው ይኸው ድርጅት ነው። በ2021 እ.ኤ.አ. እስልምናን በማገልገል ዘርፍ የንጉሥ ፈይሰል ሽልማት ተሰጥቷቸው፣ በ2024 እ.ኤ.አ. ወደ አኼራ ሄደዋል፤ አላህ ይዘንላቸው። እኛ ዘንድ ያለው ሰኽር የማስታወስ ችሎታው 64 ኪሎባይት ነው። ዛሬ ልጆቻችን እጅ ላይ ያለ ባለ 64 ጊጋባይት ስልክ ከዚህ ሚሊዮን ጊዜ ያህል ይበልጣል።

ታዲያ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ማን አስታወሰው? የ14 ዓመት ልጄ ናት። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. መንግሥት አምስት ሚሊዮን ኢትዮጵያውያንን በኢንተርኔት ኮዲንግ ለማስተማር መርሐ ግብር መጀመሩ ሲነገር ሰምታ «አባ፣ ፕሮግራሚንግ ማለት ምንድን ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። አላውቅም ማለት አሳፈረኝ። ስልካችን ለአምስት ሰው አንድ ነው፤ የኢንተርኔቱም ሒሳብ አይቻልም። ያን ጊዜ የአጎቴ ዕቃ ትዝ አለኝ፤ ከዕቃው ጋር በዐረብኛ የተጻፈ ወፍራም የመማሪያ መጽሐፍ እንደነበረም አስታወስኩ። እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው፤ ዐረብኛ ግን ሸኾቻችን ጦማቸውን እያደሩ አስተምረውኛል። ስለዚህ ሰኽርን ተሸክሜ ኮምቦልቻ ወረድኩ። አንድ የሬዲዮ ጠጋኝ የተነፋ ኮንደንሰር ቀይሮለት፣ ማንም የማይፈልገውን ጀርባው ትልቅ ቴሌቪዥንም በርካሽ ሸጠልኝ። ማታ አገናኝተን፣ የቴሌቪዥኑን ጣቢያ ስናፈላልግ ቆይተን ያ የልጅነቴ «ኦኬ» ብቅ አለ።

ቋንቋው «ቤዚክ» ይባላል። በ1964 እ.ኤ.አ. ኬመኒና ከርትዝ የተባሉ ሁለት መምህራን አሜሪካ ውስጥ ዳርትማውዝ በሚባል ኮሌጅ የፈጠሩት ሲሆን፣ ዓላማቸውም የሳይንስ ተማሪ ያልሆነ ሰው ሁሉ ኮምፒዩተርን ማዘዝ እንዲችል ነበር። ትእዛዞቹ ጥቂት ናቸው። «ፕሪንት» ካልከው ያሳያል፤ «ኢንፑት» ካልከው ይጠይቅሃል፤ «ጎቱ» ብለህ የመስመር ቁጥር ከነገርከው ወደዚያ መስመር ይሄዳል። እያንዳንዱ መስመር ቁጥር አለው። ልጄ በመጀመሪያው ምሽት በ10 ቁጥር መስመር ስሟን እንዲያሳይ፣ በ20 ቁጥር መስመር ደግሞ ወደ 10 እንዲመለስ አዘዘችው። ስሟ ከላይ እስከ ታች ቴሌቪዥኑን ሞልቶ አላቆም አለ። ቤቱ በሳቅ ተሞላ።

የእኔ ተራ ሲደርስ ግን ሳቅ አልነበረም። «ፕሪንት» በሚለው ቃል ውስጥ አንዲት ፊደል ዘለልኩና «ሲንታክስ ኤረር» አለኝ። መጽሐፉን ባየው ለካ የአገባብ ስሕተት ማለት ነው! ሃያ ዓመት ሙሉ ነሕው ያስተማረ ሰው በአገባብ ስሕተት ተያዘ። በነሕው የመጀመሪያ ትምህርት «ዘይድ ዐምርን መታ» የሚለውን ምሳሌ የማያውቅ ደረሳ የለም። ከቃሉ መጨረሻ ያለችው ሐረካ ከተለወጠች መቺው ተመቺ ይሆናል። እኔም ለተማሪዎቼ «አንዲት ሐረካ ዓለምን ትገለብጣለች» እያልኩ ነው የኖርኩት። አሁን ግን ተማሪው እኔ ሆንኩ። አንድ ነገር ግን ልብ አልኩ። ያን ምሽት አሥራ አንድ ጊዜ ሳልሳሳት አልቀርም። ማሽኑ አሥራ አንደኛውን ስሕተት የነገረኝ የመጀመሪያውን በነገረኝ ድምፅ ነው። አልጮኸብኝም፤ አልሰደበኝም፤ አርጩሜ አላነሣም። ስሕተቱ ያለበትን መስመር ቁጥር ነግሮኝ ዝም አለ። በስተመጨረሻ ቃሉን አስተካክዬ ጻፍኩና ያለኝን አደረገ።

መብራት ሲጠፋ ደግሞ የጻፍነው ሁሉ አብሮ ይጠፋል። ሥራን ማስቀመጥ የሚቻለው በካሴት ላይ ነው። ልጄ ለዚህ ብላ አንዱን ካሴት ከሳጥን ስታወጣ እናቴ ደርሳ ቀማቻት፤ ለካ የመንዙማ ካሴቷ ኖሯል። ባዶ ካሴት ፈልገን ቀዳንበት። መልሰን በቴፕ ስንከፍተው የሚሰማው ጩኸት ጆሮ የሚበሳ ነው። እናቴ ጥቂት አዳምጣ «ይኼ ደግሞ የየትኛው አገር መንዙማ ነው?» አለችን።

ከሁለት ወር በኋላ ትንሽ ስንደፍር አንድ ቁም ነገር ያለው ፕሮግራም ለመሥራት አሰብን። የመረጥኩት የውርስን ሒሳብ፣ ፈራኢድን ነው። ይህ ያለ ምክንያት አይደለም። ከ1200 ዓመት ገደማ በፊት በባግዳድ የነበረው ሙሐመድ ኢብን ሙሳ አል-ኸዋሪዝሚ፣ ዓለም ዛሬ «አልጀብራ» ለሚለው ትምህርት ስም የሆነውን ኪታብ ሲጽፍ አንዱን ትልቅ ክፍል የሰጠው ለኑዛዜና ለውርስ ሒሳብ ነው። የኮምፒዩተር ሰዎች በቅደም ተከተል የተቀመጠን የሥራ መመሪያ «አልጎሪዝም» የሚሉትም ከእሱ ስም ወስደው ነው። እንግዲህ ለእኛ ይህ ነገር ባዕድ አይደለም ብዬ ልጄን አበረታታሁ፤ እኔም ተበረታታሁ።

ምሳሌያችን ቀላል ነበር። አንድ ሰው ሚስት፣ ሁለት ወንዶችና ሦስት ሴቶች ልጆች ትቶ ሞተ፤ ወላጆቹ ቀድመውት አልፈዋል፤ የተወው ሀብት 48,000 ብር ነው። ሚስት ልጆች ስላሉ አንድ ስምንተኛ፣ ማለትም 6,000 ብር ትወስዳለች። ቀሪው 42,000 ብር ወንድ የሴትን እጥፍ እንዲያገኝ ሆኖ ይከፈላል። በመስመር 10 ሀብቱን፣ በ20 የወንዶቹን ቁጥር፣ በ30 የሴቶቹን ቁጥር እንዲጠይቅ አደረግሁ። በ40 የሚስትን ድርሻ አወጣ፤ በ50 ቀሪውን አካፈለ፤ ከዚያ በታች ባሉት መስመሮች መልሱን አሳየ። ለእያንዳንዷ ሴት 10,500፣ ለእያንዳንዱ ወንድ 21,000 ብር። «ሲንታክስ ኤረር» የሚባል ነገር የለም። «ኦኬ» ብሎ አረፈ። እኔም «ማሻአላህ!» ብዬ ተነሣሁ።

ልጄ ግን እርሳስ ይዛ ደመረች። «አባ፣ 48,000 ብር የተወው ሰውዬ 79,500 ብር ከየት አመጣ?» አለችኝ።

እውነቷን ነበር። የሚስት 6,000፣ የወንዶቹ 42,000፣ የሴቶቹ 31,500 ሲደመር 79,500 ይሆናል። በትክክለኛው ሒሳብ ለሴት 6,000፣ ለወንድ 12,000 ብር ነበር የሚደርሰው። ስሕተቱን ስፈልግ አመሸሁ። ያገኘሁት እኩለ ሌሊት ሲቃረብ ነው። በመስመር 30 የሴቶቹን ቁጥር ያስቀመጥኩት በእንግሊዝኛው «ዲ» ፊደል ነው፤ በመስመር 50 ግን ሳላስተውል «ቢ» ብዬ ጽፌያለሁ። «ቢ» ምን እንደሆነ ለማሽኑ በየትኛውም መስመር አልነገርኩትም። እሱም «ይህን አላስተማርከኝም» አላለኝም። በቤዚክ ሕግ ቁጥር ያልተሰጠው ፊደል ዜሮ ነው። ስለዚህ ሦስቱን ሴቶች ዜሮ ብሎ ቆጥሮ፣ ሒሳቡን በጸጥታ ጨርሶ «ኦኬ» አለኝ። ሴት ልጅን በውርስ ዜሮ አድርጎ መቁጠር የማሽን ብቻ ስሕተት ቢሆን ኖሮ ምንኛ በታደልን!

በማግሥቱ ፊደሉን አስተካክለን ሁሉም ልኩን አገኘ። ባለቤቴ ሽንኩርት እየከተፈች ትሰማን ነበርና «ሰውየው ዕዳ ቢኖርበትስ?» አለች። ዝም አልን። ውርስ የሚከፈለው ዕዳ ከተከፈለና ኑዛዜ ከተፈጸመ በኋላ መሆኑን ለሰው የማስተምረው እኔ ነኝ፤ ግን አላስገባሁትም። እዚህ ላይ የቤዚክን አንድ ብልሃት ተረዳሁ። መስመሮቹ 1፣ 2፣ 3 ተብለው ሳይሆን 10፣ 20፣ 30 እየተባሉ የሚቆጠሩት የተረሳ ነገር በመካከል እንዲገባ ነው። በ15 ዕዳውን ጠየቅን፣ በ16 ከሀብቱ ቀነስን። የቀረው ሁሉ ሳይነካ ተስተካከለ። ለመማሪያ የሠራነው ነውና ማንም በእሱ ውርስ እንዳይከፍል ለልጄ ነግሬያታለሁ፤ ለዚህ ዓሊሞች አሉ።

ነገር ግን በዚያ ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። የዜሮው ነገር ከልቤ አልወጣ አለ። አንድ ልጅ ትዝ አለኝ።

ዘመኑ 1999 ዓ.ም. ነው። እኔ የ27 ዓመት ጎረምሳ መምህር ነበርኩ። ልጁ አሥር ዓመት ቢሆነው ነው። ሌሎቹ መስከረም ላይ ሲጀምሩ እሱ ማሽላ ከወፍ ሲጠብቅ ቆይቶ አዝመራው ከገባ በኋላ ታኅሣሥ ላይ መጣ። ለውሕ ሰጥቼ ከረድፉ መካከል አስቀመጥኩት። ጓደኞቹ በሦስት ወር ውስጥ ፊደሉን ጨርሰው፣ ፈትሓንና ከስራን፣ ዶማንና ሱኩንን ለይተው ቃል መግጠም ጀምረው ነበር። እሱ ይህን ማወቅ አለማወቁን አልጠየቅሁም። ልጁ ብልህ ነበርና አጠገቡ ያሉት ሲቀሩ እየሰማ በጆሮው ይይዛል። ከመጀመሪያው ሲጀምር ውኃ ነው። ከመካከል አንድ ቃል በጣቴ ሳመለክተው ግን ይቆማል። እኔ ደግሞ ስንፍና መሰለኝ። «ገባህ?» እለዋለሁ። «አዎ፣ ኡስታዝ» ይለኛል። እንደገና ሳመለክተው ይቆማል፤ መዳፉን በአርጩሜ እመታዋለሁ። አንድ ቀን በሁሉም ፊት መትቼው «አንተ ድንጋይ» አልኩት። ልጆቹ ሳቁ። ሲወጣ ለውሑን አጥቦ ግድግዳው ሥር አስደግፎ ሄደ። አልተመለሰም። ከዓመታት በኋላ በየመን በኩል ወደ ሳዑዲ ከተሰደዱት የአገራችን ልጆች አንዱ ሆነ።

ያ ልጅ ድንጋይ አልነበረም። «ቢ» ምን እንደሆነ ሳልነግረው ስለ «ቢ» ጠይቄዋለሁ። እሱም እንደ ማሽኑ «ኦኬ» ብሎኛል። ሰኽር ሲሳሳት ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ለመቀበል አንድ ምሽት በቂዬ ነበር፤ ሊከራከረኝ አይችልምና። የሰው ልጅ ሲሳሳት ግን ጥፋቱን እሱ ላይ መጫን ቀላል ነው፤ አርጩሜው ያለው በእኔ እጅ ነው። መቺና ተመቺ የምትለዋን ሐረካ ለልጆች ሳስተምር፣ በራሴ መድረሳ ውስጥ ማን መመታት እንደነበረበት አላጣራሁም።

ሰውየው ከሳዑዲ ተመልሶ ኮምቦልቻ ሱቅ እንዳለው ሰምቼ ነበር። ሦስት ሳምንት ያህል ነገ ነገ ስል ቆይቼ አንድ ቅዳሜ ሄድኩ። ሲያየኝ «ኡስታዝ!» ብሎ ብድግ አለ፤ ወንበር አቀረበልኝ። ትልቅ ሰው ሆኗል። የመጣሁበትን ነገርኩት። «ያላስተማርኩህን ጠይቄህ መታሁህ። በሰው ፊትም አዋረድኩህ። ዐፍው በለኝ» አልኩት። የስኳር ኪሎዎች እየደረደረ ቆየ። ከዚያ እንዲህ አለኝ፦ «ፈትሓና ከስራ ምን እንደሆኑ የነገረኝ ጅዳ አብሮኝ ያድር የነበረ የባንግላዴሽ ሰው ነው። አንድ ሌሊት ነው የፈጀበት፣ ኡስታዝ። አንድ ሌሊት።»

መልስ አልነበረኝም። እሱም መልስ አልጠበቀም። «እኔ ዐፍው ብያለሁ፤ አላህም ይበልዎት» አለኝ። ዙህር አብረን ሰገድን፤ ለሻይ ያወጣሁትንም ገንዘብ መለሰልኝ። የስድስት ዓመት ልጅ እንዳለው ነግሮኛል። እስከ ዛሬ ግን ልጁን እኔ ዘንድ ላስተምረው አላለም። አልፈርድበትም።

ከዚያ ወዲህ በመድረሳዬ ሦስት ነገሮች ተለውጠዋል። አንደኛ፣ አርጩሜው ከክፍሉ ወጥቷል። ሁለተኛ፣ «ገባህ?» ብዬ አልጠይቅም፤ «እስቲ አሳየኝ» እላለሁ። «ገባህ?» ለሚል መምህር ሁሉም ልጅ «አዎ» ነው የሚለው። ሦስተኛ፣ ዘግይቶ የመጣን ልጅ ከረድፉ ከማስገባቴ በፊት ምን ምን እንዳልደረሰው ለብቻው አያለሁ። ረቡዕ ከዐሥር በኋላ አዲስ ትምህርት የለም፤ የቀረበትን ለመሙላት ለሚፈልግ ልጅ የተተወ ጊዜ ነው። ልጄ ይህን ሰዓት «መስመር 15» ብላ ጠርታዋለች፤ ተማሪዎቹም ምክንያቱን ሳያውቁ እንደዚያው ይጠሩታል። እሷ አሁን ተራ ደርሷት ስልኩን ስትይዝ አዲሱን የፕሮግራም ቋንቋ ትማራለች። እኔ ግን ገና ሰኽር ላይ ነኝ።

ውድ ወላጆች፣ ውድ መምህራን! ልጃችሁ ሲሳሳት ከመቆጣታችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ራሳችሁን ጠይቁ። ይህን ነገር በየትኛው መስመር ነግሬው ነበር? መስመሩን ካላገኛችሁት ጥፋቱ የልጁ አይደለም። በቤዚክ በ10 እና በ20 መካከል ሁልጊዜ ቦታ አለ። በሰው ልጅ ዕድሜ ግን ቦታው ቶሎ ይሞላል። ያ ልጅ ለአንድ ሌሊት ትምህርት ባሕር ተሻግሯል።

አላህ ያወቅነውን የምንሠራበት፣ ያጠፋነውን ሳይረፍድ የምናቃና ያድርገን። ወላሁ አዕለም።